ናርዶስ ድረስ ሽማግሌ የላክሁ ዕለት

ልጆቹ ናቸው ጻፊው ያሉኝ። ቤት በመጡ ቁጥር «ግራንድማ፣ ያንን የስፔስሺፑን ስቶሪ ንገሪን» ይሉኛል፤ ስነግራቸው ደግሞ ግማሹን ራሳቸው በእንግሊዝኛ እየጨረሱ ያበላሹብኛል። በመጨረሻ ትልቋ «ራይት ኢት ዳውን» ብላ እስክሪብቶ አመጣችልኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጅ ለማድረስ ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት ወንድሜን የሚያስተምሩት መሪጌታ ድምፃቸው ትልቅ ስለነበር፣ እኔም ከግድግዳው ወዲያ ሽንኩርት እከትፍ ስለነበር ነው። እስከ ዛሬ አንዳንድ ፊደል ስጽፍ ዓይኔ ያለቅሳል። ጽሑፌ ከመንገዱ ወጣ ካለ አትፍረዱብኝ፤ በእግሬ ስሄድም እንደዚያው ነኝ። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ኤመሪቪል የሚባል ሌላ ከተማ የደረስኩበት ቀን አለ። ዳቦውንም አልገዛሁም።

ነገሩ የሆነው ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። እዚህ ኦክላንድ ደግሞ የወንዱም የሴቱም ጠጉር ጎፍሮ በር አላሳልፍ የሚልበት ዘመን ነበር። የወንድሜ ልጅ ሰብለ በርክሌይ ትማራለች። ወንድሜ «ልጄ በሰው አገር ብቻዋን እንዴት ትሆናለች» ብሎ እኔን ላከኝ። በዕድሜ ብዙም አልበልጣትም፤ ግን አክስት አክስት ነውና ከአውሮፕላኑ የወረድኩት ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እንደ አሮጊት እያቃሰትኩ ነው። ጠባቂዋ እኔ ነኝ ተብሎ፣ አውቶቡስ ላይ የምታሳፍረኝ እሷ፣ የጠፋሁ ቀን ወጥታ የምትፈልገኝ እሷ። ወንድሜ ይህን ሳያውቅ አረፈ፤ ነፍሱን ይማርና።

የምንኖረው ቴሜስካል የሚባል ሰፈር ነው፤ ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብሎ ካለ ቤት ላይኛው ፎቅ። ታች የቤቱ ባለቤት ሚስተር ዊሊያምስ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ላይ አስተናጋጅ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ እንኳ ባርኔጣቸውን የሚያደርጉ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ላይ እኛ ሦስት ሴቶች ነን፤ እኔ፣ ሰብለና ናንሲ።

ናንሲ አይዋ ከሚባል የበቆሎ አገር የመጣች ፈረንጅ ናት። ራሷም እንደ በቆሎ ረዥም፣ ጠጉሯም እንደ እሸት ጢም ያለ። ደሴ ሳይንስ ስታስተምር ቆይታ ነው የተመለሰችው። ሌላ ፈረንጅ አማርኛ ሲናገር ሰው ይስቃል፤ ናንሲ ስትናገር ግን ሰው ዞር ብሎ የተናገረችውን ወሎዬ ይፈልጋል። ወጥ ሲያርብኝ «አብሽሩ እትዬ» ትለኛለች። ሙዝ ሲጠፋ «ወላሂ እኔ አልበላሁም» ትላለች። የበላችው እሷ ናት።

ሰብለ የምትማረውን ወንድሜን ብትጠይቁት «ኢኮኖሚክስ» ይላችሁ ነበር። እኔ ግን ያየኋት መጽሐፍ ስትጽፍ ነው፤ በአማርኛ፣ ስለ ሰማይ። ሁለት ፀሐይ ያላት ናርዶስ የምትባል ዓለም አለች። እዚያ አስካለ የምትባል ድግምት አዋቂ የብርሃን ጉድጓድ ትጠብቃለች፤ ጉድጓዱን ትታ ከሄደች አገሩ ሁሉ ይጨልማል። ከሰማይ ደግሞ ዘነበች የምትባል የመርከብ ነጂ መጥታ ትወድቃለች፤ ሞተሯ ተሰብሮ። ሞተሩን ለሰብለ የምታስረዳት ናንሲ ነበረች። ጠረጴዛ ላይ ሹካና ማንኪያ ትደረድርና «ይኸ ነዳጁ፣ ይኸ ማቀዝቀዣው» ትላታለች፤ ሁለቱም ራሳቸውን አቀርቅረው ይቆያሉ። ሹካ ባጣሁ ቁጥር ሞተር ሆኗል ማለት ነው፤ ወጡን በእጃችን እንበላለን፤ ለነገሩ በእጃችን ነበር የምንበላው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰብለ የጻፈችውን ታነብልናለች። አድማጮቿ አቶ ተፈራና ባለቤታቸው በላይነሽ፣ ከዚያ ንጋቱ የሚባል የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበሩ። አቶ ተፈራ ለዶክተርነት የሚማሩ ሰው ናቸው፤ ከሁላችን ቀድመው መላጣ ስለሆኑ የአካባቢው ሽማግሌ እሳቸው ሆኑ። ንጋቱ በተቃራኒው ጠጉሩ እንደ ጥላ የተዘረጋ ልጅ ነው፤ ከኋላው የተቀመጠ ሰው ሰብለን አያያትም።

«ቆይ፣ ቆይ» ይላሉ አቶ ተፈራ ገና ከመጀመሯ። «ሁለት ፀሐይ አለ አልሽን። ጾም ሲሆን እህል የሚቀመሰው የትኛዋ ስታዘቀዝቅ ነው?»

«ጋሼ፣ እዚያ ጾም የለም።»

«ጾም ከሌለ ፋሲካ የለማ! ፋሲካ የሌለበት አገር ማን ይኖራል?»

ሰብለ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጾም ጨመረች፤ ሁለቱም ፀሐዮች እስኪጠልቁ። በላይነሽ «ኧረ ጨከንሽባቸው!» አለች።

ንጋቱ ደግሞ ከሳይንሱ ሌላ ጉዳይ የለውም። «መርከቧ በዚህ ፍጥነት ከመጣች ትቃጠላለች።»

«አትቃጠልም» ትለዋለች ናንሲ። «ሽፋን አላት። አርፈህ ስማ።»

«ሽፋኑ ከምን ተሠራ?»

«ከዝምታ» ትላለች ሰብለ፤ ንባቧን ትቀጥላለች።

ሁለቱ ሴቶች፣ ማለቴ የመጽሐፉ፣ መጀመሪያ ላይ ይጣላሉ። ከዚያ ይነጋገራሉ። ከዚያ ዘነበች ሞተሯን ስትጠግን አስካለ ፋኖስ ትይዝላታለች። ይህ ፋኖስ መያዝ ክረምቱን በሙሉ ፈጀ። አንድ ቅዳሜ የአስካለ ጣት የዘነበችን ጣት ሊነካ ሲል ፋኖሱ ጠፋ፤ ምዕራፉም እዚያው ላይ አለቀ። በላይነሽ በእጇ የያዘችውን ብስኩት አደቀቀችው።

«አሁንስ በዛ! የእኔ ሰርግ እንኳ እንዲህ አልዘገየም!»

«አንቺ ደግሞ» አሉ አቶ ተፈራ፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። «ፋኖስ ነው የጠፋው።»

«ፋኖሱንማ አየሁት!»

እኔ መጀመሪያ ሁለቱ እህትማማች ሆነው ሊገኙ ነው ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ የማውቃቸው ተረቶች እንደዚያ ነው የሚያልቁት። በኋላ ግን እህት ለእህቷ እንዲህ አድርጋ ፋኖስ እንደማትይዝ ገባኝ። ቀና ብል ናንሲ ሰብለን እያየቻት ነው፤ ሰብለ ወረቀቱን እያየች ነው፤ ወረቀቱን ስታይ ግን የምታነብ አትመስልም። ያም ገባኝ። ገባኝና ተነስቼ ሻይ ጨመርኩ።

ከዚያ ናንሲ ሥራ አገኘች። ከኦክላንድ ራቅ ብሎ፣ ሳን ሆዜ አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሠራበት ቦታ ነው። ራት ላይ «እዚያው አጠገብ፣ ካምቤል አፓርትመንት አይቻለሁ፤ ሙቭ ላደርግ ነው» አለች። ሰብለ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል። ናንሲ አልሳቀችም። ሰብለ ሳቋን የምታስቀምጥበት ቦታ አጥታ ጥቂት ከሳቀች በኋላ ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ገና አልበላንበትም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። ሹካዎቼ ሁሉ መሳቢያቸው ውስጥ ተገኙ። ጠረጴዛው ላይ እኔ መሐል ተቀምጬ እንደ ስልከኛ ሆንኩ።

«እትዬ፣ ጨዉን እንድታቀብለኝ ይንገሩልኝ» ትላለች ሰብለ።

«እትዬ፣ ጨዉ አጠገቧ መሆኑን ንገሩልኝ።»

ጨዉን አንስቼ ሰጠሁ። የሚገርመው፣ ሁለቱም በአማርኛ ነው የሚኳረፉት። ናንሲ ቋንቋዋ ሌላ መሆኑን ረስታው ነበር መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ሰብለ ያነበበችልን ዘነበች ሞተሯን ጠግና፣ ደህና ሁኚ ሳትል መርከቧ ላይ ወጥታ፣ ከሁለተኛዋ ፀሐይ ወዲያ መጥፋቷን ነው። አስካለ ፋኖሷን ይዛ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀረች። «አለቀ» አለች ሰብለ።

«ምዕራፉ ነው?» አለች በላይነሽ።

«መጽሐፉ።»

ናንሲ ተነስታ ክፍሏ ገባች። በላይነሽ በናፕኪን ዓይኗን ያዘች። ንጋቱ እንኳ ነዳጁ የት ድረስ እንደሚያደርስ አልጠየቀም።

እኔ ሰላም አጣሁ። ልዞር ስወጣ የማስበው ስለ ዘነበች ነው፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን፣ ስንቅ መያዟን እንኳ ሰብለ አልጻፈችልንም። የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆሜ አውቶቡሶቹ እያለፉኝ አሰብኩበት። ሁለት ሰዎች ተጣልተዋል። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካል። የመጽሐፍ እንጂ የሥጋ ሰዎች አለመሆናቸው እንቅፋት ሆኖ አልታየኝም። ዘነበችን ከስንቱ ዘመዴ አብልጬ አውቃት ነበር። ሰብለ ዳኝነቱን ከተቀበለች ዘነበችን ትመልሳለች፤ ዘነበች ከተመለሰች ደግሞ፣ እንግዲህ፣ ናንሲም የተጻፈውን ትሰማለች። እስከዚህ ድረስ ነበር ብልሃቴ።

አቶ ተፈራ ቤት ሄጄ ጉዳዩን ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። አልሳቁም።

«ናንሲ መቼ ነው የምትሄደው?» አሉኝ።

«ቅዳሜ። ግን እኔ የመጣሁት ስለ ዘነበች ነው።»

«ገብቶኛል። ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን» አሉና ጫማቸውን ሊቦርሹ ተነሱ።

ሽማግሌ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አይሆንም። ንጋቱን ጨመርን፤ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ሽማግሌ። ሦስተኛ ስንፈልግ ከሁላችንም በላይ ሽማግሌ የሆኑት ሰው ታች ቤት ተቀምጠዋል። ወርጄ በእንግሊዝኛዬ ለመንኳቸው። «ቱ ሌዲ ኖ ቶክ። ዩ ካም። ሱት» አልኳቸው። ሚስተር ዊሊያምስ «የስ ማም» አሉ፤ አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ደረጃው ሥር ንጋቱን ይዘው ይህ ሽማግሌ የሚባለው ነገር ሥራው ምንድነው ብለው ይጠይቁታል። ንጋቱም የሚያውቀውን አስረዳቸው፤ እኛ አገር ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው ልጅ ለጋብቻ ይጠይቃሉ አላቸው። ለዕርቅም እንደሚላኩ መናገሩን ረሳው። ሚስተር ዊሊያምስ «እንዲህማ ከሆነ ባዶ እጅ አይኬድም» ብለው ከጓሯቸው ጽጌረዳ ቆርጠው መጡ።

ናንሲ ድስትና መጥበሻ የሞላበት ካርቶን አቅፋ ወደ ደረጃው ስትሄድ በሩ ተንኳኳ። ሰብለ ከክፍሏ ወጥታ ከፈተችው። ሦስቱ ተደርድረው ቆመዋል፤ አቶ ተፈራ በጥቁር ሱፍ፣ ንጋቱ በተዋሰው ክራቫት፣ ሚስተር ዊሊያምስ በባርኔጣና በአበባ። በላይነሽ ከኋላቸው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አልኩ እኔ ምንም እንደማያውቅ ሰው።

አቶ ተፈራ ገብተው መሐል ወለሉ ላይ ቆሙ። «ጥያቄያችን ካልተመለሰልን አንቀመጥም» አሉ።

እንግዲህ እኛ አገር ያደገች ሴት፣ ያላገባች፣ ይህን ቃል ከአበባ ጋር ስትሰማ ምን እንደምታስብ መናገር አያስፈልገኝም። ሰብለ ዐመድ መሰለች።

«አላገባም!»

የናንሲ ካርቶን አመለጣት። ድስቶቹ አንዱ አንዱን እየገፋ ደረጃውን ወርደው ጨረሱ፤ አንደኛው ክዳን ጎዳናው ድረስ እንደሄደ በኋላ ሰማን።

«ንጋቱ!» አለች ሰብለ። «አንተ ለራስህ ሽማግሌ ሆነህ መጣህ?»

«እኔ? ኧረ እኔ፣ እትዬ ናቸው ያመጡኝ!»

«እትዬ! ለንጋቱ ሊድሩኝ ነው?»

«ቆይ እንጂ» አለ ንጋቱ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ። «እሺ፣ አልመጣሁም። ግን ብመጣስ? ምን ጎደለኝ እንዲህ የምትጮኺው?»

በላይነሽ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሶፋው ላይ ወደቀች። ሚስተር ዊሊያምስ በዚህ ሁሉ መሐል ሙሽራዋ የትኛዋ እንደሆነች ነው የሚፈልጉት። ሰብለን አዩ። ናንሲን አዩ። እንደገና ሰብለን አዩ። ከዚያ እቅፉን ለሁለት ከፍለው ለአንዷ ግማሹን፣ ለሌላዋ ግማሹን ሰጡና «ኮንግራቹሌሽንስ» አሉ። ሁለቱም ተቀበሉ። ማንም አላረማቸውም።

«ፀጥታ!» አሉ አቶ ተፈራ። «የመጣነው ለዘነበችና ለአስካለ ነው። ተጣልተዋል ሲባል ሰምተናል። ልናስታርቅ ነው።»

ሰብለ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መስኮቱን አየሁ።

«ጋሼ፣ ዘነበች የለችም። ሄዳለች።»

«ተወካይ ትቁምላት። ሞተሯን የሚያውቅ ማነው?»

ሁላችንም ናንሲን አየናት። ናንሲ አበባዋን እንደያዘች መጥታ በሰብለ ፊት ቆመች። አቶ ተፈራ ለሰብለ፣ «የአስካለን ቅሬታ አሰሚ» አሏት።

ሰብለ አበባዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ለምን ሳትነግረኝ ሄደች?»

«ነገርኳት» አለች ናንሲ። «ሳቀችብኝ።»

«ቀልድ መስሏት ነዋ!»

«ዘነበች ቀልድ አታውቅም። ሥራዋ ሌላ ቦታ ነው፣ ሳን ሆዜ።»

«ሳን ሆዜ የሚባል ፕላኔት ከየት መጣ?» አለ ንጋቱ።

«ዝም በል ንጋቱ!» አልነው ሁላችን።

በዚህ መሐል ሚስተር ዊሊያምስ ጉልበታቸው ደከመና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ንጋቱ ጥያቄው አልተመለሰም ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው። ተነሱ። ጥቂት ቆይተው ተቀመጡ። እንደገና ነገራቸው። እንደገና ተነሱ። ያን ጠዋት ከመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ በጣም የደከሙት እሳቸው ናቸው።

«አስካለ አብራ ብትሄድ ምን ነበረበት?» አሉ አቶ ተፈራ ረጋ ብለው።

«ማን ጠየቃት?» አለች ሰብለ። «ክረምቱን ሙሉ ፋኖስ ይዛ ስትቆም፣ ነይ የሚል ቃል እኮ ነው የምትጠብቀው።»

«ጉድጓዴን ትቼ አልሄድም እያለችኝ እንዴት ነይ እላታለሁ?» አለች ናንሲ። «ትምህርቷ፣ እትዬ፣ ቤቷ፣ ሁሉ እዚህ ነው። ነውር አይደለም?»

«ቃሉን አላልሽማ!»

ናንሲ አበባውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ፊቷ እንደ ጽጌረዳው ሆኗል።

«ነይ» አለች።

ሰብለ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ንጋቱ ቀደማት።

«እኔ የማይገባኝ» አለ፣ «ጉድጓድ ውስጥ ያለው ነገር እኮ ይቀዳል። ብርሃኑን በእንስራ ሞልታ ይዛው አትሄድም? ለአገሩ ደግሞ የሚበቃውን ትታ።»

ሰብለ ዞር ብላ አየችው። «እሱን አላሰብኩትም» አለች፤ ሳቀችም አለቀሰችም።

«ተመስገን» አሉ አቶ ተፈራ። «ሳይንስህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጠቀመ። በሉ ይቅር ተባባሉ።»

ናንሲ ደሴ እንዳየችው ዝቅ ብላ ጉልበት ልትስም ስትል ሰብለ ትከሻዋን ይዛ አነሳቻት። እንደዚያው እንደተያያዙ ቀሩ። አቶ ተፈራ ጣሪያውን አዩ። ንጋቱ ጫማውን አየ። በላይነሽ «እሰይ! ስንት ጊዜ ነው የጠበቅኩት!» ብላ እልል አለች። ሚስተር ዊሊያምስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ፤ ከዚያ አሁንስ ይቻላል ወይ በሚል ዓይን ንጋቱን አይተው፣ ተቀመጡ።

ሰብለ ሳን ሆዜ ወዳለ ኮሌጅ ትራንስፈር አደረገች፤ ኢኮኖሚክሱም እዚያ ደርሶ ሌላ ትምህርት ሆነ። ሦስታችንም ካምቤል ገባን። እናንተን፣ የልጅ ልጆቼን፣ የወለደችውን ልጄን ያገኘሁትም፣ አባቷን ያገኘሁትም እዚያው ካምቤል ነው፤ መንገድ ጠፍቶብኝ ሳለ። መጽሐፉ አስካለ እንስራዋን አዝላ መርከቧ ላይ ስትወጣ ያልቃል። አልታተመም፤ ያኔ ማን ያትመዋል? ቅዳሜ ቅዳሜ የሰማነው ሰዎች ግን አንብበነዋል ብለን እንቆጥራለን። የዕርቁ ሐሳብ የማን እንደነበር የጠየቀ ሰው በመጣ ቁጥር እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ «የእኔ» እላለሁ።

አቶ ተፈራ ካረፉ በኋላ፣ አንድ ቀን በላይነሽና እኔ ሐኪም ቤት ተራ እየጠበቅን ሳለ ነው የነገረችኝ። ያን ጊዜ እኔ ወደ ባለቤቷ ከመሄዴ ቀድማ ናንሲ ብቻዋን ቤታቸው መጥታ ኖሯል። ስኳር ይዛ፣ ግቢ ብትባል ገብታ፣ ተቀመጪ ብትባል እምቢ ብላ፣ ቆማ፤ «እናት አባቴ ሩቅ ናቸው፤ ቢቀርቡም ይህን አይሰሙልኝም። ሰብለን የሚጠይቅልኝ ሽማግሌ የለኝም፤ አንቱ ሁኑልኝ» ብላቸዋለች።